የምርምር ገንዘብ የስደተኛም ጉዳይ ነው

ሬሽን በተቆረጠበት ሰሞን ስለ ዩኒቨርሲቲ የምርምር በጀት መጻፍ ቅብጠት የሚመስላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንድ ታናሽ ወንድሜ የምለው ልጅ «ቲቸር፣ ሆድ ሳይሞላ የምን ምርምር ነው?» ብሎኛል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር። በ2025 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እዚህ ካኩማ ውስጥ ሰው ሁሉ በችግሩ መጠን አራት ቦታ ተመደበ። አንዱ የተሻለ እርዳታ ሲያገኝ ሌላው ያነሰ፣ «ራሱን ይችላል» የተባለው ደግሞ ምንም ሆነ። ለምን ስንል፣ ምደባው በመረጃ ላይ የተመሠረተ ነው ተባልን። እሺ፣ መረጃ ከሆነ፣ መጠይቁን ማን ጻፈው? «ራሱን የቻለ» ማለት ምን እንደሆነ ማን ወሰነ? ከኛ ውስጥ ስሌቱን ወስዶ «እዚህ ጋ ተሳስታችኋል» የሚል ባለሙያ ነበረን? አልነበረንም። ስለዚህ ወንድሜ፣ የማወራው ስለ ሆድህ ነው።

አሁን ስለ ሕጉ ላውራ። ኬንያ በ2013 የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ሕግ አወጣች። ሕጉ ብሔራዊ የምርምር ፈንድ አቋቋመ፤ መንግሥት በየዓመቱ ከጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርቱ 2 በመቶውን ለዚህ ፈንድ እንዲሰጥም አዘዘ። ልብ በሉ፣ ፓርላማ ያጸደቀው ሕግ እንጂ የስብሰባ መግለጫ አይደለም። የአፍሪካ ኅብረት አገሮች እንኳ በ2006 ካርቱም ላይ የተስማሙት 1 በመቶ ነበር። ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ፈንዱ ወደዚያ 2 በመቶ ተጠግቶም አያውቅም። የኬንያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለደመወዛቸው አድማ የሚመቱበት አገር ላይ ለላቦራቶሪ ማን ያስባል? በዚህ መሀል ባዶውን ቦታ የሚሞላው የውጭ ገንዘብ ነው። የውጭ ገንዘብ ደግሞ የራሱን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ከፋዩ የሚፈልገውን ይጠይቃል፣ ሪፖርቱን በራሱ ቋንቋ ይጽፋል፣ ይሄዳል።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ከማስተማሩ ጎን ለጎን (የስደተኛ አስተማሪ የሚያገኘው ደመወዝ ሳይሆን «ኢንሴንቲቭ» እንደሆነ ታውቃላችሁ) ለተመራማሪዎች በአስተርጓሚነትና በመረጃ ሰብሳቢነት በቀን ሒሳብ ሠርቻለሁ። አንዲት እናት ሦስተኛው ቡድን መጥቶ ስለሞተው ልጇ ሲጠይቃት «ባለፈው ለመጡት ነግሬያቸው የለም እንዴ? አልጻፉትም?» አለችኝ። ምን ልመልስላት? መጻፉንስ ጽፈውታል። ተመራማሪው የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ፣ ጽሑፉ ተከፍሎ በሚነበብ መጽሔት ላይ ወጣ፣ እኔና እሷ ግን አላነበብነውም። የተረጎምኩት ቃል በሙሉ የኔ ነው፤ ስሜ ግን በምስጋናው ገጽ ላይ እንኳ የለም። ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፣ አንዳንዶቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው። በጀቱ ሲነደፍ የኛ ቦታ «መረጃ ሰብሳቢ፣ በቀን» ከምትለው መስመር እንዳያልፍ ተደርጎ ስለተሠራ ነው።

እዚሁ ደጃችን ላይ ያሉትን ጥያቄዎች ተመልከቱ። ማቴንጌ የሚሉት እሾሃማ ዛፍ በረሃ ይከላከላል ተብሎ ነበር ከውጭ የመጣው። ዛሬ ቱርካናን ወርሯል፤ አፋርንም እንዲሁ። የግጦሽ መሬት ይበላል፣ የፍየል ጥርስ ያበላሻል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከሰል ሆኖ የስንቱን ቤት ያበስላል። ስደተኛና የቱርካና ሰው የሚጋጩበት አንዱ ምክንያት ማገዶ ነው። ይህንን ዛፍ እንዴት አድርገን እንቁረጠው፣ እንዴትስ ገቢ እናድርገው የሚለውን ጥያቄ ከኔ ተማሪና ከጎረቤት ከቱርካና ልጅ በላይ ማን ያውቀዋል? ሁለቱ አብረው ቢያጠኑት ከስንት «የሰላም አብሮነት» ወርክሾፕ ይበልጣል!

ውሃውንም ውሰዱ። በመስከረም 2013 ቱርካና ውስጥ ሎቲኪፒ ላይ ከመሬት በታች ግዙፍ ውሃ ተገኘ ተብሎ ዓለም ሁሉ አወራ፤ ኬንያን ለ70 ዓመት ያጠጣል ተባለ። ኋላ ተቆፍሮ ሲፈተሽ ለመጠጥ የማይሆን ጨዋማ ሆነ። ዜናው በአንድ ቀን ተሠራ፤ ቀጣዩ ሥራ፣ ማለትም ጨውን በርካሽ ማጣራት፣ የትኛው ጉድጓድ ለምን ይሆናል ብሎ ዓመት ከዓመት መለካት፣ ካሜራ የማይጠራ አሰልቺ ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሸከመው የማይቋረጥ የመንግሥት የምርምር በጀትና እዚያው የሚኖር ባለሙያ ነው። የስድስት ወር ፕሮጀክት አይችለውም። (ካምፕ ውስጥ «ኢኖቬሽን» ማለት ብዙ ጊዜ የስድስት ወር ፕሮጀክት መሆኑን ታውቃላችሁ። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ባትሪው ሲሞት የሚጠግነው የለም።)

ፈጠራ የግል ድርጅት ሥራ ነው፣ መንግሥት ምን አገባው የምትሉኝም አላችሁ። ኤምፔሳን ታውቁታላችሁ። በ2007 ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለሙከራው ወደ 1 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ የሰጠው የብሪታኒያ መንግሥት የልማት ፈንድ ነው። ኩባንያው የራሱን አዋጥቷል፤ የመጀመሪያውን ፍርሃት ግን የሕዝብ ገንዘብ ተካፈለለት። ከ2015 ጀምሮ ካኩማ ላይ የምግብ ድጋፋችን ከፊሉ በስልክ «ባምባ ቻኩላ» ሆኖ መጣ። ጥሩ ነው፣ ጠቅሞናል፤ የእህል ሰልፉን ያስታወሰ ያውቀዋል። እኛ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ደንበኛ ብቻ ነን። የራሱን ሐሳብ ይዞ ገንዘብ ልጠይቅ የሚል የፎርም ፎር ልጅ የትኛውን በር ያንኳኳ?

«ስኮላርሺፕ አለ አይደል?» ትሉኛላችሁ። አለ። ጀርመን ከ1992 ጀምሮ የምትደግፈው ዳፊ ብዙ ልጆች አስተምሯል፣ አመሰግናለሁ። በ2019 ከመቶ ስደተኛ ወጣት ሦስቱ ብቻ ነበሩ ከፍተኛ ትምህርት ላይ የነበሩት፤ በ2030 አሥራ አምስት እናድርስ ተብሎ ግብ ተያዘ። ግቡ የሚቆጥረው ግን በር ላይ የገባውን ነው። ተመርቆ ወደ ካምፕ ሲመለስ መጠይቅ ይዞ በቀን ሒሳብ የሚዞር ከሆነ ምን ተለወጠ? የመንግሥቱ የተማሪዎች ብድር ለኬንያ ዜጋ ብቻ ነው። የ2021ዱ የስደተኞች ሕግ ብቃቱ የታወቀለት ስደተኛ በሙያው እንዲሠራ መብት ይሰጣል፤ የምርምር ጥሪ መሥፈርት ላይ «ዜጋ» የምትል ቃል ስትገባ ያ መብት እዚያው ይቆማል።

ኬንያውያን ወዳጆቼ «ለኛ ያልበቃውን ለእናንተ?» ማለታቸው አይቀርም። እውነታቸውን ነው፣ አልበቃም። ስለዚህ 2 በመቶው ይከፈል ብለው ሲጮኹ አብረናቸው መጮኽ አለብን። ከሚከፈለው ውስጥ ደግሞ ስደተኛ ለሚያስተናግዱት ለቱርካናና ለጋሪሳ ድርሻ ይለይ፤ ጥያቄውንም ነዋሪው፣ አገሬውም ስደተኛውም፣ አብሮ ያውጣ። አመልካች በዜግነቱ ሳይሆን በሕጋዊ ነዋሪነቱ ይመዘን። ካምፕ ውስጥ ለሚሠራ ጥናት ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ውጤቱ በስዋሂሊ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛ፣ በአረብኛ ለተጠየቀው ሰው ተመልሶ እንዲነበብ ግዴታ ያስገባ። ይህ ምንም ቢሊዮን አይጠይቅም። አንድ መስመር ደንብ ነው።

ናይሮቢም ሆነ ባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እናንተ ግን ደንቡን አትጠብቁ። የሚቀጥለውን ማመልከቻ ስትጽፉ «መረጃ ሰብሳቢ፣ በቀን» የምትለውን መስመር ሰርዛችሁ «ተባባሪ ተመራማሪ» ብላችሁ ጻፉ፣ የሚገባውን ክፍያም ከጎኑ አስቀምጡ። ሰው ከየት እናምጣ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ካስተማርኳቸው ውስጥ የአሥር ልጆች ስም አሁኑኑ መስጠት እችላለሁ፤ አራቱ ሴቶች ናቸው፣ ሁለቱ ስለ ውሃ ካነሣችሁባቸው አያስተኟችሁም።