መረብ ኳስን ልተወው ይሆን?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስወጣ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ባጃጁን አጠገቤ አቆመና «ቲቸር፣ ዛሬም ሜዳ አይሄዱም እንዴ?» አለኝ። «ደብተር ላርም ነው» አልኩት። ውሸቴን ነው። የማርመው ደብተር አልነበረኝም። እውነቱን ልናገርና፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን በሜዳው በኩል ላለማለፍ በገበያው ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው። አበዳሪውን እንደሚሸሽ ሰው።

ከእኔ ጋር የተማራችሁ ይሄ ነገር ሊያስቃችሁ ይችላል። እኔና መረብ ኳስ ምን ያህል እንደነበርን ታውቃላችሁ። ቦንጋ ኮሌጅ ሳለሁ ምሳ ትቼ የተጫወትኩበት ቀን ብዙ ነው። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ሺሺንዳ ተመድቤ ስመጣ አንድ ሻንጣ ይዤ፣ አንድም ሰው ሳላውቅ ነበር የገባሁት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከተከራየኋት ክፍል ሆኜ የቆርቆሮውን ዝናብ ስሰማ ነው ያሳለፍኩት። የእኛን አገር ዝናብ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ልምጣ አይልም፣ በቃ ይመጣል።

ከዚያ አንድ ቀን ሁለት የባህር ዛፍ ምሰሶ መሃል የተወጠረ መረብ አየሁ። መስመሩ በአመድ የተሰመረ ነው። ዳር ቆሜ ሳይ አንዱ «አንድ ሰው ጎድሎናል፣ ግባ» አለኝ። ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ገባሁ። ማን ክፍል እንደሚያከራይ፣ ማን ጋ ጥሩ ማር እንዳለ፣ የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን እናት እንዳረፈች የምሰማው ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ሜዳ ላይ ሆነ። ለቅሶ አብሬያቸው የደረስኩት፣ ሠርጌ ላይ ድንኳን የተከሉልኝ እዚያ ያገኘኋቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «ልተወው ይሆን?» ስል ስለ አንዲት ኳስ ብቻ እያወራሁ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

ታዲያ ምን ነካኝ? መጀመሪያ ጉልበቴን ጠረጠርኩ። 36 ዓመቴ ነው፤ ትናንት የዘለልኩትን ዝላይ ጉልበቴ ዛሬ ጠዋት ያስታውሰኛል። ቀጥዬ ጊዜ አጣሁ አልኩ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ኑሮው እንደምታውቁት ነው፣ ቡና ሲደርስ ደግሞ ለቀማ አለ። ሰበቡ ሁሉ እውነት ነው። ግን እዚያው ሳምንት ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ የማላውቃቸው ሰዎች በማላውቀው ከተማ ሲጫወቱ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ለመቀመጥ ሁለት ሰዓት ያገኘ ሰው ለመዝለል አንድ ሰዓት አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል? ባለቤቴም አላመነችኝም።

እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው፤ ለመጻፍም ያሳፍራል።

ድሮ የምንጫወተው ለጨዋታው ነበር። ቀስ እያለ «የተሸነፈ ለስላሳ ይግዛ» መጣ። እሱ ምንም አይደል፣ ያስቃል፣ ያከራክራል፣ አብረን እንጠጣዋለን። ቀጥሎ ለስላሳው ብር ሆነ፣ ብሩም በየጊዜው ከፍ አለ። ብር ሲገባ ነጥብ ቆጣሪው ዳኛ ሆነ፣ ዳኛው ተከሳሽ ሆነ። «መስመር ነክታለች»፣ «አልነካችም» እየተባባልን አመሸን። ደካማ የተባለ ሰው ሲመጣ ሁለቱም ቡድን ዝም ማለት ጀመረ፤ ማንም «ግባ» አይለውም። እኔ ራሴ በባዶ እግሬ የገባሁበት ሜዳ ላይ!

ባለፈው ወር አንድ ወጣት መምህር ተመድቦ መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ሜዳ ብቅ አለ፤ ሰው ጎድሎን ስለነበር በእኛ በኩል ገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቀላል ኳስ መጣችለትና ሳታት፤ ተሸነፍን። እኔ ጮህኩበት። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም፤ ተማሪዎቼ ያነቡታል። «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ጃኬቱን አንስቶ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለሰም። እኔም ከዚያ ቀን በኋላ የሜዳው መንገድ አስጠላኝ።

በዚህ ሦስት ሳምንት ብዙ ሰው መክሮኛል። አንዱ «ዕረፍት አድርግ፣ ፍቅሩ ይመለሳል» አለኝ። ሌላው «አንተ አሁን የልጆች አባት ነህ፣ ጎልማሳ ሰው ምን ያዘልለዋል?» አለኝ። ይሄ ሁለተኛው ምክር ነው ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን እንደዚህ ነው የምናስበው። ጨዋታ የልጅ ነው፣ ሰው ትዳር ሲይዝ ይቀመጣል፣ ይከብዳል፣ ሆዱም ይቀድመዋል። ከዚያ ደም ግፊትና ስኳር ሲመጣ ሐኪሙ «እንቅስቃሴ አድርግ» ይለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። ይሄን የስፖርት መምህር ሆኜ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስገልብጫችኋለሁ። ራሴ ግን በገበያው ዞሬ ወደ ቤቴ እገባለሁ!

ለመሆኑ መረብ ኳስ ለማን እንደተፈጠረ ታስታውሳላችሁ? ፈተና ላይ ጠይቄያችሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 አሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ጄምስ ናይስሚዝ ቅርጫት ኳስን ፈጠረ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1895 ዊልያም ሞርጋን የሚባል የስፖርት መምህር፣ ሆልዮክ በተባለች ከተማ፣ በእኛ አገር ድሮ ወወክማ ይባል በነበረው ማኅበር ውስጥ ይሠራ ነበር። ጎልማሳ የሆኑ ነጋዴዎችን ያሠለጥናል። ቅርጫት ኳስ ለነሱ ከበደ፤ ሩጫው ያደክማል፣ ግጭቱ ይጎዳል። ስለዚህ በመሃል መረብ ወጠረና ሰው ከሰው የማይጋጭበት፣ ብዙ የማያስሮጥ ጨዋታ ፈጠረላቸው። በመጀመሪያው ደንብ የተጫዋች ቁጥር እንኳ አልተወሰነም ነበር፤ የመጣ ሰው ሁሉ ይገባል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጨዋታው ገና ሲፈጠር እንደ እኔ ላለ፣ ሥራ ላደከመው ጎልማሳ ነው የተፈጠረው። «ዕድሜህ አልፏል» የሚለኝ ሰው የጨዋታውን ታሪክ ገልብጦ ነው የያዘው። የመጣ ሁሉ የሚገባበትን ጨዋታ የመጣው የሚባረርበት ያደረግነው ደግሞ እኛው ነን።

ጨዋታው ራሱ እኮ ስንት ጊዜ ተለውጧል! ድሮ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ የመታው ቡድን ብቻ ነበር፤ አንዳንዱ ግጥሚያ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ያ ቀርቶ በእያንዳንዷ ኳስ ነጥብ ይቆጠር ተባለ። በዚያው ዘመን ሊቤሮ የሚባለው ተጫዋች መጣ፤ ከኋላ ሆኖ ይከላከላል፣ ቁመት ብዙም አይጠየቅም። ተቀምጠው የሚጫወቱት መረብ ኳስም አለ፤ ከ1980 ጀምሮ በፓራሊምፒክ ውስጥ ገብቷል፣ መረቡ ለወንዶች 1.15 ሜትር ብቻ ነው። ቆሞ መዝለል ላልቻለ ሰው እንኳ ቦታ ተገኝቶለታል ማለት ነው። ደንቡ ለሰው ሲል ከተለወጠ፣ እኔ ለምን አልለወጥም?

የራሳችንን ሰዎች ደግሞ እንይ። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 የኒው ዮርክ ማራቶንን በጉልበት ሕመም አቋርጦ ወጣና እዚያው ላይ በቃኝ፣ ሩጫ አቆምኩ አለ። ቀናት ሳይቆዩ ሐሳቡን ለወጠ፤ በመጨረሻ የተሰናበተው በ2015 ነው። ከዚህ የምማረው አንድ ነገር አለ፦ በተከፋህበት ቀን ውሳኔ አትወስን። የመጀመሪያው «በቃኝ» የሕመም ንግግር ነበር፣ የመጨረሻው ግን የረጋ ሰው ንግግር ነው።

አበበ ቢቂላን አስቡት። ሁለት ጊዜ በኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያመጣ ሰው በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። «በቃ» ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? እሱ ግን በ1970 እንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ሩጫውን አጣ፣ ስፖርቱን ግን አልተወም። የእኔ ጉልበት ከዚህ አጠገብ ይቆጠራል እንዴ?

«እና መተው ኃጢአት ነው ማለትህ ነው?» የምትሉኝ አትጠፉም። አይደለም። መተውም ክብር አለው። ሰው ጋር ተጣልቶ ሳይሆን ጠግቦ የተነሳ ሰው «ተመስገን፣ በቃኝ» ቢል ያምርበታል። ጊዜውን ለልጆቹ፣ ለእርሻው፣ ለትምህርቱ ቢሰጥ ማን ይከለክለዋል? በግድ የሚጫወት ሰው ለቡድኑም ሸክም ነው። እኔ የምለው፣ ከመተውህ በፊት የሰለቸህ ጨዋታው ይሁን አጨዋወትህ ለይ ነው። ሁለቱ ድካም ከውጭ ሲያዩት ይመሳሰላል፤ እግር አልታዘዝ ይላል፣ ሰበብ ይበዛል። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ጨዋታው የሰለቸው ይተወው። አጨዋወቱ የሰለቸው ሰው ጨዋታውን ቢተወው ያንኑ ጠባዩን ይዞ ወደሚቀጥለው ነገር ነው የሚሄደው። ዛሬ ሜዳ ላይ የጮህኩት ሰውዬ ነገ ክፍል ውስጥ ተማሪ ላይ ልጮህ፣ ቤቴም ገብቼ ልጄ ላይ ልጮህ እችላለሁ።

እንዴት ይለያል ብትሉኝ፣ እኔ ራሴን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፦ ማንም ነጥብ ባይቆጥር፣ ብርም ባይኖር፣ ዛሬ 11 ሰዓት ላይ ትሄዳለህ? ደጋግሜ ጠየቅሁት። መልሱ «እንዴ! እበራለሁ» ነው። ያቺ ኳስ መዳፍ ላይ ስታርፍ ያለው ነገር፣ ለመቺው አመቻችተህ አንስተህለት እሱ ሲመታት የሚሰማው ድምፅ፣ አልጠላኋቸውም። ናፍቀውኛል።

ስለዚህ ውሳኔዬ ይሄ ነው። በብር የሚደረገውን ጨዋታ ትቻለሁ። የመምህራን ቡድን አምበልነቱንም ለወጣቶቹ አስረክቤያለሁ፤ ጓደኞቼ ቅር እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ግን ቂም የለብኝም፣ እናንተም አትያዙብኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ግን 11 ሰዓት ላይ ሜዳ አለሁ። ነጥብ አይቆጠርም፣ የመጣ ሁሉ ይገባል፣ ሴት ተማሪዎችም ይገባሉ። እስከ ሚያዝያ ድረስ እንዲህ ሞክሬ፣ እግሬ አሁንም በገበያው በኩል የሚዞር ከሆነ ያን ጊዜ መረቡን ጠቅልዬ ለትምህርት ቤቱ አስረክባለሁ፤ ያለ ሰበብ፣ ያለ ውሸት።

አንድ የቀረ ሥራ ነበረኝ። ትናንት ወደዚያ ወጣት መምህር ቤት ሄድኩ። ቡና አፈላልኝ። «ወንድሜ፣ ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። እሱ አፍሮ «ኧረ ጋሼ፣ እኔ እኮ ኳስ አልችልም» አለኝ። «እኔም እዚህ ስመጣ ብዙ አልችልም ነበር፣ ግባ ስላሉኝ ነው የቻልኩት» አልኩት። ይመጣ እንደሆነ አላውቅም። ጫማ የለኝም ብሏል። እኔም የገባሁት በባዶ እግሬ እንደነበር ነገርኩት።

እናንተስ? በሰበብ የተዋችሁት ነገር የለም? ክራር የሰቀለ፣ ሥዕል የጀመረና ያቆመ፣ ሩጫ የተወ ካለ የሰለቸው ነገሩ ይሁን አያያዙ እስቲ ይጻፍልኝ፤ አነባለሁ።

በነገራችን ላይ ኳሷ ሦስት ሳምንት አልጋ ሥር ተቀምጣ ተንፍሳለች። ከቦንጋ የሚመጣ ካለ የኳስ መንፊያ መርፌ ይዞልኝ ይምጣ። ሒሳቡን እዚሁ ከቡና ጋር እከፍላለሁ።