ሟች የደረሰው ዜማ

«ጊዜ ትክክለኛ ዳኛ ነው» ሲባል እሰማለሁ። በዘመኑ ጆሮ ያጣ መልካም ሥራ ቢኖር፣ ዓመታት ገለባውን ከፍሬው አበጥረው ኋላ ላይ ክብሩን ይመልሱለታል ይባላል። ደስ የሚያሰኝ እምነት ነው፤ ለሰነፍ አንባቢና ለሰነፍ አድማጭ ደግሞ እጅግ ይመቻል። ጊዜ የሚፈርድልን ከሆነ እኛ ለምን እንደክማለን? እኔ ግን ይህን እምነት ከተውኩት ቆይቻለሁ። ያስተወኝም የፈላስፋ ክርክር አይደለም፤ 8 ዘፈኖች ያሉት፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ፣ ከጥቂት ወዳጆቹ በቀር የሚያነሣው የሌለ አንድ የሄቪ ሜታል አልበም ነው።

አልበሙ «አንኩዌስችነብል ፕረዘንስ» ይባላል፤ ወደ እኛ ቋንቋ ብንመልሰው «የማያጠራጥር ህልውና» እንደ ማለት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ የተቀረጸውም በፍሎሪዳ ግዛት በታምፓ ከተማ፣ ሞሪሳውንድ በተባለው ስቱዲዮ ነው። ሠሪዎቹ ከዚያው ግዛት ከሳራሶታ ከተማ የተነሡ ወጣቶች ናቸው። የቡድናቸው ስም «ኤቲስት» ነው፤ ኢ-አማኒ ማለት ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ስም ግን መልአክ አውጥቶታል ብሎ የሚከራከር አይገኝም። ብዙ ሰው ስሙን እንደሰማ ከደጃፉ ይመለሳል፤ እኔም ተመልሼ ነበር። ነገር ግን ኢ-አማኒ ነኝ ያለ ቡድን ሥራውን «የማያጠራጥር ህልውና» ብሎ ሲሰይም ምን ማለቱ ነው? ከዘፈኖቹ አንዱ በሥጋ ስለ መገለጥ ሕልም የሚል ርእስ አለው፤ ሌላው ከዓይን የተሰወረውን ስለሚያይ ባለ ራእይ ይናገራል። እነዚህ የፌዘኛ ርእሶች አይደሉም። በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ የነበሩ ልጆች፣ መልስ ያላገኙለትን ጥያቄ በሚያውቁት ብቸኛ ቋንቋ ሲጮኹት የምንሰማ ይመስለኛል። ከደጃፍ መመለስ ቀላል ነው። ገብቶ መስማት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሲገቡ የሚጠብቀው ሙዚቃ ገራም አይደለም። ድምፃዊው ኬሊ ሼፈር እየተቆጣ ይጮኻል እንጂ አያዜምም። ጊታሮቹ ይፈጥናሉ፤ ጆሮ አንዱን ምት ለመድኩ ሲል ምቱ ይለወጣል፤ የተለወጠውን ሲከተል እንደገና ይሰበራል። ዴዝ ሜታል የሚባለው የሙዚቃ ዓይነት በዚያ ዘመን በአብዛኛው የጉልበት ጉዳይ ነበር፤ እነዚህ ልጆች ግን የጃዝን ቅልጥፍናና የላቲን አሜሪካን የተሰባበረ ምት ቀላቀሉበት። ፕሮግረሲቭ የሚያሰኘውም ይህ ነው፤ ከመንደሩ ሳይወጣ የመንደሩን አጥር ማፍረስ።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይሰማል፤ ቤዝ ጊታሩ። በሌሎች የዘመኑ የዴዝ ሜታል አልበሞች ቤዝ እንደ ቤት መሠረት ነው፤ መኖሩ ይታወቃል እንጂ አይታይም። እዚህ ግን ተራኪው እርሱ ነው። ይቀድማል፣ ይጠይቃል፣ ጊታሮቹ የተናገሩትን ያስተባብላል። ታዲያ ይህን ቤዝ ያሰበው ሰው አልበሙ ሲቀረጽ በሕይወት አልነበረም።

ሮጀር ፓተርሰን ይባል ነበር። በቡድኑ የመጀመሪያ አልበም ላይ የተጫወተውና ከሁለተኛው አልበም ዜማዎችም ብዙውን ያበጀው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1991 ቡድኑ ከኮንሰርት ጉዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ መኪናቸው አደጋ ደረሰባት፤ ፓተርሰንም ሞተ። ዘፈኖቹ ተደርሰዋል፤ ለሙከራ ያህልም በካሴት ተቀድተዋል፤ ዋናው ቀረጻ ግን ገና ነበር።

እንግዲህ የቀሩት ባልንጀሮች የቆሙበትን ቦታ አስቡት። ሥራው አለ፤ ሠሪው የለም። ዘፈኖቹን ቢተዉአቸው ጓደኛቸው ሁለት ጊዜ ይሞታል፤ ቢቀርጹአቸው ደግሞ በእርሱ ቦታ ሌላ ሰው ሊያቆሙ ነው። ቀረጹአቸው። ቤዙን የተጫወተው ቶኒ ቾይ ነው፤ «ሲኒክ» ከተባለው ከሌላው የፍሎሪዳ ቡድን የመጣ ወጣት ነበር። ቾይ የራሱ ጣዕምና የራሱ እጅ ያለው ባለሙያ ነው፤ በዚያው ዓመት «ፔስቲለንስ» ከተባለው የኔዘርላንድስ ቡድን ጋርም ሌላ የተከበረ አልበም ሠርቷል። እዚህ ግን በአመዛኙ ሟቹ የተወውን መንገድ ተከትሎ ሄደ፤ የራሱንም ቀለም ጨመረበት።

ወጣት ሙዚቀኛ ሁሉ የራሱን ድምፅ ማሰማት ይፈልጋል። የሌላውን ሰው፣ ያውም የሞተውን ሰው አሳብ ተቀብሎ፣ ጣትን ለእርሱ ማዋስ ትሕትና ይጠይቃል። በሥነ ጥበብ ውስጥ ፈጣሪነትን እናወድሳለን፤ አደራ ተቀባይነትን ግን እንደ ሁለተኛ ደረጃ ሥራ እናየዋለን። ይህ አልበም ያን ሚዛን ስሕተት ነው ይለኛል። የፓተርሰን አሳብ ያለ ቾይ ጣት ካሴት ላይ የቀረ ንድፍ ይሆን ነበር፤ የቾይም ጣት ያለ ፓተርሰን አሳብ ወደዚህ ቦታ አይደርስም ነበር።

አልበሙ ወጣ፤ ዓለም ግን ወደ ሌላ ይመለከት ነበር። በዚያው ዓመት በነሐሴ የሜታሊካ ጥቁር ሽፋን ያለው አልበም ወጥቷል፤ በመስከረም የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» ተከትሎታል። ሜታሊካ ውስብስቡን ትቶ ወደ ቀላሉ ዞሮ ነበር፤ በአሜሪካ ብቻ ከ16 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠለትም ይኸው አልበም ነው። አልነቅፈውም፤ ቀላልነትም የራሱ ጥበብ አለው። ነገር ግን ሁሉም ወደ ሰፊው ጎዳና በወጣበት ዓመት ወደ ጠባቡ ጫካ የገባ ማን ያየዋል? አድማጮቹ የቀሩት አንደርግራውንድ በሚባለው ዓለም ነበር፤ ካሴት በፖስታ በሚለዋወጡ፣ በፎቶ ኮፒ የተባዛ መጽሔት በሚያነቡ ሰዎች መካከል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ አልበም ጨምሮ ተበተነ።

ጊዜ ዳኛ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ይህ ነበር፤ መረሳት። ያን ፍርድ የሻሩት ሰዎች ናቸው። የፓተርሰንን የሙከራ ካሴት ሳይጥል ያስቀመጠ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ሪላፕስ የተባለ አሳታሚ አልበሙን እንደገና ሲያወጣው፣ እነዚያን ቅጂዎች ከመጨረሻው ላይ ጨመረባቸው። ቡድኑም በ2006 ተመልሶ መድረክ ላይ ቆመ። ከ2005 ወዲህ አድማጭ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ መስማት ይችላል፤ ሟቹን በራሱ እጅ፣ ቀጥሎም በአደራ ተቀባዩ እጅ። የሙከራው ድምፅ ሻካራ ነው፤ ሳዳምጠው ግን አንድ ሕያው ሰው ከክፍሉ ማዶ የሚጫወት ይመስለኛል። የአልበሙ ስም በዚያ ሰዓት ትርጉሙን ያገኛል።

አንዳንድ አዋቂዎች ቾይ የፓተርሰንን ያህል አልነደደም ይላሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ንጽጽሩን ማድረግ የቻልነው ሁለቱም ስለተጠበቁልን መሆኑን እንዳንረሳ እላለሁ። ያ ካሴት በአንድ የቤት ጽዳት ቀን ተጥሎ ቢሆን፣ ጊዜ የሚባለው ዳኛ ምን ይፈርድ ነበር? ማስረጃ የሌለው ዳኛ ዝም ከማለት በቀር ምን አቅም አለው?

አልበሙን ሁሉም እንዲወደው አልጠብቅም። ጩኸቱ ለብዙዎች ይከብዳል፤ እኔም ለመልመድ ወራት ፈጅቶብኛል። ልለው የፈለግኩት ከሙዚቃው ትንሽ ሰፋ ይላል። በየቤቱ፣ በየሳጥኑ፣ ከሞቱ ሰዎች የቀሩ ደብተሮች አሉ፤ ያልታተሙ ግጥሞች፣ ያልተዘፈኑ ዜማዎች። «መልካም ከሆነ ጊዜ ያወጣዋል» ብለን ሳጥኑን እንዘጋለን። ጊዜ ምንም አያወጣም፤ ጊዜ ብል ነው። የሚያወጣው ሳጥኑን የከፈተ፣ አንብቦም ጣቱን ለሟቹ ያዋሰ ሰው ብቻ ነው።