ሽልማቱ ከመታወጁ በፊት ገንዘቡ ይታይ

አንዳንድ አንባቢዎቻችን ይህን ጽሑፍ ሲጀምሩ «ደግሞ ስለ ፑል መጻፍ ተጀመረ?» ሳይሉን አይቀሩም። የፑል ጠረጴዛ በብዙ ሰው ዘንድ የሥራ ፈት መዋያ ተደርጎ ስለሚቆጠር ትዝብቱ አይገርመንም። ዳሩ ግን ይህ ጨዋታ የዕለት እንጀራቸው የሆነ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። እነርሱን የሚያወዳድር ተከታታይ የፕሮፌሽናል ውድድር በምን ገንዘብና በማን ኀላፊነት ይቁም? የሚለው ጥያቄ መዋጮ የሰበሰበና ውድድር ያዘጋጀ ማኅበር ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነው እንላለን።

በመጀመሪያ የተጫዋቹን ኑሮ እንመልከት። የታወቀ ክለብ የቀጠረው የእግር ኳስ ተጫዋች ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ደመወዙን ይቀበላል። የፑል ተጫዋች ግን በአብዛኛው የመመዝገቢያውን፣ የመጓጓዣውንና የሆቴሉን ወጪ ከራሱ ኪስ አውጥቶ ይሄዳል። ከቀናው ያተርፋል፤ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከወደቀ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ለእርሱ የሽልማት ማስታወቂያ ማለት እንደ ሥራ ውል ያለ ነገር ነው። ያንን አምኖ ይበደራል፤ ያንን አምኖ ቤተ ሰቡን ትቶ መንገድ ይጀምራል።

ይህ እምነት ሲፈርስ ምን እንደሚመስል እ.ኤ.አ. በ2006 ታይቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። በቴሌቪዥን ማስታወቂያ መጻሕፍት በመሸጥ የታወቀው አሜሪካዊ ኬቪን ትሩዶ በ2005 «ኢንተርናሽናል ፑል ቱር» የተባለ ውድድር አቋቋመ። በዚያው ዓመት በኦርላንዶ ፊሊፒናዊው ኤፍሬን ሬየስ አሸንፎ 200,000 ዶላር ተመደበለት። በ2006 በላስ ቬጋስ ለተደረገው ውድድር አሸናፊ ለጀርመናዊው ቶርስተን ሆማን ሽልማቱ 350,000 ዶላር ሆነ። ወዲያው ደግሞ በሬኖ ከተማ ጠቅላላ ሽልማቱ 3 ሚሊዮን ዶላር፣ የአንደኛው ድርሻ 500,000 ዶላር የሆነ ውድድር ታወጀ። በፑል ታሪክ እንዲህ ያለ ገንዘብ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። ሬየስ አሁንም አሸነፈ። ነገር ግን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ገንዘቡ በእጅ አለመኖሩ ለተጫዋቾቹ ተነገራቸው። ክፍያው እየተቆራረጠ የሚሰጥ ሆነ፤ ታላቅ ተስፋ የተጣለበት ተከታታይ ውድድርም በዚያው ተቋረጠ።

ጥፋቱ የአንድ ሰው ጠባይ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። በእኛ አስተያየት ግን ዋናው ጥፋት የአሠራሩ ነው። ውድድሩ የቆመው በአንድ ኪስ ላይ ነበር። የተመልካቹ ትኬትና የቴሌቪዥኑ ገቢ ያን ያህል ሽልማት ሊሸከሙ ሳይችሉ ወጪው ከገቢው እጅግ ቀድሞ ሮጠ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገንዘቡ መኖሩን ከተጫዋቾቹ ወገን ሆኖ የሚያረጋግጥ አልነበረም። የሰፈር እቁብ እንኳ ያለ ዳኛና ያለ ዋስ አይጣልም፤ የ3 ሚሊዮን ዶላር ውድድር ያለ ዋስ መካሄዱ አያስደንቅምን?

የፑልን የቅርብ ዘመድ የስኑከርን ታሪክ ብንመለከት ልዩነቱ ይታየናል። የስኑከር የዓለም ሻምፒዮና ከ1976 እስከ 2005 ድረስ የሚደገፈው ኤምባሲ በተባለው ሲጋራ ነበር። የብሪታንያ ሕግ የትምባሆ ማስታወቂያን ሲከለክል ያ ምንጭ ደረቀ። ሻምፒዮናው ግን አልሞተም። ከ1977 ጀምሮ በሸፊልድ ከተማ በክሩሲብል ቴአትር ቤት ሲደረግ የኖረ፣ ትኬት የሚገዛ ሕዝብ ያለው፣ በቢቢሲ ቴሌቪዥን የሚታይ ስለ ነበረ ሌላ ደጋፊ ተተክቶለት ቀጠለ። ደጋፊው ሄደ፤ ቤቱ ግን በብዙ ምሰሶ ስለ ቆመ አልወደቀም።

በፑልም ቢሆን ምሳሌ አይጠፋም። ማችሩም የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የአውሮፓና የአሜሪካ ቡድኖች የሚገናኙበትን ሞስኮኒ ካፕ በ1994 ሲጀምር ውድድሩ ትንሽ ነበር። እየቆየ ግን ተመልካች አፈራ፤ በ2018 በለንደኑ በአሌክሳንድራ ፓላስ እስከ መደረግ ደረሰ። በ2024 ደግሞ የዓለም የፑል ሻምፒዮና በሳዑዲ ዐረቢያ በጅዳ ሲደረግ ጠቅላላ ሽልማቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ አሸናፊው ፌዶር ጎርስት 250,000 ዶላር ወስዷል። ይህ መልካም ዜና ነው። ቢሆንም የአንድ አገር ልግስና የሚበዛበት ውድድር ሁሉ፣ ያ ልግስና ሲቀንስ ምን ይተርፈናል? ብሎ ከወዲሁ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

«ታላቅ ሽልማት ካልታወጀ ተመልካችም ቴሌቪዥንም አይመጣም፤ ደፍሮ የሚጀምር ሰው ያስፈልጋል» የሚሉ እንዳሉ እናውቃለን። ነገሩ ፈጽሞ ከእውነት የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ አዘጋጁ በራሱ ገንዘብ ቢደፍር ጀግንነት ነው፤ ተበድሮ በመጣ ተጫዋች ገንዘብ ቢደፍር ግን ሌላ ስም አለው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ውድድር ለማቋቋም ለሚያስብ ሁሉ አራት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ሽልማቱ ከመታወጁ በፊት ገንዘቡ አዘጋጁ ብቻውን ሊያወጣው በማይችልበት የባንክ ሒሳብ በአደራ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ተጫዋቾቹ የመረጧቸው ሰዎች ሒሳቡን የማየት መብት ይኑራቸው። ሦስተኛ፣ ከአንደኛው ሽልማት ተቀንሶም ቢሆን በመካከለኛው ዙር የሚወድቀው ተጫዋች የመንገዱን ወጪ የሚመልስበት ይሁን፤ አሸናፊ ብቻውን ውድድር አይሆንምና። አራተኛ፣ ገቢው ከትኬት፣ ከቴሌቪዥን፣ ከጠረጴዛና ከመጫወቻ ዕቃ ሠሪዎች፣ ከመመዝገቢያም ተውጣጥቶ ይሰብሰብ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

ይህ ምክር ለሩቅ ሰዎች ብቻ የተጻፈ እንዳይመስል። እኛም በየክበባችን ዋንጫ እናውጃለን፤ መዋጮ እንሰበስባለን፤ ለእንግዳ ቡድን መስተንግዶ ቃል እንገባለን። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ቃል ከመለጠፉ በፊት ገንዘብ ያዡ የሣጥኑን ልክ ይናገር፤ አባላቱም ይጠይቁት። መጠየቅ ገንዘብ ያዡን መጠርጠር አይደለም፤ ሐቀኛውን ገንዘብ ያዥ ከሐሜት የሚያድነው ሒሳቡ በግልጽ መታየቱ ነውና። ከዚህ አሳብ የሚለይ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር ተቃውሞውን ጽፎ ይላክልን፤ በደስታ እናነበዋለን።