የሀብሩ ፍራፍሬና የብረት መረብ ማጓጓዣ ቀበቶ

በሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ፣ በተለይም በመርሳ ዙሪያ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና ብርቱካን ይመረታሉ። ማንጎ በአንድ ወቅት ስለሚደርስ ገበያው ሲጥለቀለቅ ዋጋው ይወድቃል፤ ያልተሸጠውም ይበሰብሳል። ማድረቅ አንዱ መፍትሔ ነው። ማድረቂያ ሲነሣ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ሙሉ ማሽን ከውጭ ማስመጣት ነው። ይህ አስተሳሰብ ሊመረመር ይገባል፤ የማድረቂያው ዋና አካል የሆነው የብረት መረብ ማጓጓዣ ቀበቶ በአገር ውስጥ ሊሠራና ሊጠገን ይችላልና።

የቀበቶው አሠራር ውስብስብ አይደለም። ወደ ቀኝና ወደ ግራ የተጠመዘዙ ሽቦዎች እየተፈራረቁ ይደረደራሉ፤ አግዳሚ ዘንጎችም ያያይዟቸዋል። መፈራረቃቸው ቀበቶው ሲጓዝ ወደ አንድ ጎን እንዳይሸሽ ይረዳል። በመረቡ ዓይኖች ሞቃት አየር ያልፋል፤ ድፍን የላስቲክ ቀበቶ ይህን አይፈቅድም። መረቡ ሲጎዳ ዘንጉ ተስቦ የተበላሸው ሽቦ ብቻ ይለወጣል። ከብስኩት መጋገሪያ እስከ ብረት ማጠንከሪያ እቶን ድረስ ተፈላጊ ያደረገውም ይኸው ባሕርዩ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው የብረቱ ምርጫ ነው። በዚንክ የተለበጠ ሽቦ ርካሽ ቢሆንም የፍራፍሬ አሲድ ዚንኩን እያሟሟ ከምግቡ ጋር ይቀላቅለዋል። ስለዚህ 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል ያለው 304 አይዝጌ ብረት ይመረጣል። ፍጥነትም በስሌት ይወሰናል፤ የማንጎው ቁራጭ በማድረቂያው ውስጥ 6 ሰዓት ይቆይ ቢባል፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ቀበቶ በደቂቃ 3.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል። ይህም ትንሽ ሞተርና ፍጥነትን እጅግ የሚቀንስ ማርሽ ይጠይቃል።

የማንጎ ወቅት አጭር በመሆኑ ማሽኑ ሥራ ይፈታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ማሽኑን መተው ሳይሆን የመረቡን ዓይን ለሽንኩርትና ለቲማቲም ቁራጭም እንዲስማማ አድርጎ መንደፍ ነው።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ትምህርቱን በወልድያ፣ የግብርና ትምህርቱን በመርሳ ይሰጣል። የሁለቱ ዘርፎች ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የጋራ የምርምር ርእስ ሊያደርጉት ይገባል። መነሻው ሙሉ ማሽን መሆን የለበትም፤ አንድ ሜትር መረብ ሠርቶ በፍራፍሬ ጭማቂ፣ በሙቀትና በክብደት መፈተን ይበቃል። ውጤቱ ጥሩ ባይሆን እንኳ የሚባክነው ጥቂት ሽቦ ነው፤ ጥሩ ከሆነ ግን የሀብሩ አርሶ አደር ምርቱን በወደቀ ዋጋ ለመሸጥ አይገደድም።