የጠራ ሁሉ የደረሰ አይደለም

ስለ ራዲዮ ሲነሳ አንድ አባባል እየተለመደ መጥቷል፤ ጣቢያው በሳተላይትና በሞባይል መተግበሪያ ስለሚተላለፍ በመላ ሀገሪቱ ይደመጣል ይባላል። አድማጩም ይህን ተቀብሎታል። ባለ ድንጋዩ ራዲዮ ጊዜው አልፎበታል፣ በሪሲቨር የሚገባው ድምፅ ጥርት ያለ ነው፣ ስለዚህ የሚሻለው እሱ ነው ይላል። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከዚያች «ስለዚህ» ጋር ነው። የድምፅ ጥራት አንድ ነገር ነው፤ ድምፁ ለሚያስፈልገው ሰው በሚያስፈልገው ሰዓት መድረሱ ሌላ ነገር ነው። የቤት ውስጥ መቀበያዎችን በጥራት ብቻ የሚመዝን ሰው መብራትና ኢንተርኔት የማይቋረጥበትን ሳሎን ለሀገሩ ሁሉ መለኪያ አድርጓል።

ንጽጽሩን ወደ አርሲ፣ ወደ ጀጁ ወረዳዋ አርቦዬ እንውሰደው። እዚያ ዲሽ ባለው ቤት የሪሲቨሩን ሪሞት አንስቶ የራዲዮን ቁልፍ የሚጫን ሰው የጣቢያዎች ዝርዝር ይመጣለታል፤ ድምፁም አይንሿሿም። ነገር ግን ያ ድምፅ እንዲሰማ ዲሹ የኢትዮሳት ጣቢያዎች የሚተላለፉበት ሳተላይት ወዳለበት 57 ዲግሪ ምሥራቅ በትክክል መዞር፣ ሪሲቨሩና ቴሌቪዥኑ አብረው መሥራት፣ ከሁሉም በላይ መብራት መኖር አለበት። ከሰንሰለቱ አንዱ ከተበጠሰ ዜናውም ይቀራል። ትንሿ ራዲዮ ግን ከአንድ ዋት ባነሰ ኃይል ስለምትሠራ በሁለት ድንጋይ ለቀናት ትናገራለች፤ ባለቤቷም ማሳ ድረስ ይዟት ይሄዳል። ዲሽና ቴሌቪዥን ማሳ አይወርዱም።

ሁለተኛው ልዩነት ሪሲቨሩ የሚቀበለው ዲጂታል ሞገድ፣ ትንሿ ራዲዮ የምትቀበለው ግን አናሎግ ከመሆኑ ይመነጫል። የአናሎግ ሞገድ ሲዳከም ድምፁ ይንሿሿል፣ ይርቃል፣ ግን ቃሉ ይለያል፤ አድማጭ አንቴናውን እየመዘዘና እያዞረ ወሬውን ይከታተላል። ዲጂታል እንዲህ አይደለም። ሞገዱ ከሚፈለገው መጠን በላይ እስከሆነ ድረስ ፍጹም ጥርት ይላል፤ ከዚያ በታች ሲወርድ መጀመሪያ ይቆራረጣል፣ ቀጥሎ ጭራሽ ዝም ይላል። የቤት ዲሾች የሚቀበሉትን ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለውን ሞገድ ደግሞ ከባድ ዝናብ ይበላዋል። በአርሲ ደጋ ክረምት ሰማዩ ሲጠቁርና ዶፉ ሲወርድ ስክሪኑ ላይ «ሲግናል የለም» የሚለው ጽሑፍ የሚወጣው ለዚህ ነው። ጎርፍ የሚያሰጋበት፣ መንገድ የሚዘጋበት፣ መረጃ የሚፈለግበት ሰዓት ያው የዶፍ ሰዓት ነው።

ስልኩስ? በስልክ ራዲዮ መስማት ሁለት መልክ አለው፤ ሁለቱ ግን በአንድ ስም ስለሚጠሩ ይምታታሉ። አንዱ ስልኩ ውስጥ ያለው የኤፍኤም መቀበያ ነው። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ እንደ አንቴና ያገለግለዋል፤ ዳታም አይፈልግም። ሌላው መተግበሪያ ሲሆን ለእያንዳንዱ ደቂቃ ዳታ ይበላል፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በሀገር ደረጃ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲዘጋ፣ አርሲን ጨምሮ ብዙ አካባቢዎች በጭንቅ ላይ ነበሩ። በዚያ ወቅት በመተግበሪያ ብቻ የሚሰማ ጣቢያ ለአድማጩ እንዳልነበረ ይቆጠራል። የሚያሳዝነው፣ አምራቾች የማዳመጫውን ቀዳዳና የኤፍኤም መቀበያውን ከብዙ አዳዲስ ስልኮች እያወጡ ነው፤ ገዢውም የሚጠይቅ አይመስልም።

እርግጥ አናሎግ ሁሉ እኩል አይደለም። የኤፍኤም ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሱት ጭላሎና ባዳ ባሉበት ሀገር ሸለቆዎች ከጥላ ሥር ይቀራሉ። መካከለኛ ሞገድ ግን ምድርን ተከትሎ ይሄዳል፤ ሌሊት ደግሞ ከሰማይ ተመልሶ ሩቅ ይደርሳል። ድምፁ እንደ ኤፍኤም ባያምርም ተራራ አያስቆመውም። አምሮ የማይደርሰውና ሳያምር የሚደርሰው ሲነጻጸሩ የገበሬው ምርጫ የትኛው እንደሚሆን ለማወቅ አያስቸግርም። ለምሳሌ በአውሮፓውያን 2010 ቢጫ ዋግ የተባለው የሰብል በሽታ የአርሲንና የባሌን ስንዴ ሲመታ፣ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ የዘሩ ብዙ ገበሬዎች ተጎድተዋል። ዋግ በቀናት ውስጥ ይዛመታል፤ መድኃኒቱ በጊዜ ካልተረጨ ብዙም አይጠቅምም። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ መለኪያው ጥራቱ ሳይሆን መፍጠኑና ማሳ ድረስ መዝለቁ ነው።

የተቃራኒው ወገን ክርክር ግን ቀላል አይደለም። የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ብዙ መብራት ይበላል፤ ዲጂታል በአንድ ማሰራጫ ብዙ ጣቢያ ያስተላልፋል፤ ዓለምም ወደዚያው እየሄደ ነው ይላል። ሁሉም እውነት ነው። ሆኖም ቀድማ የሄደችው ኖርዌይ እንዴት እንደሄደች እንመልከት። በአውሮፓውያን 2017 ብሔራዊ ጣቢያዎቿን ከኤፍኤም ስታወርድ፣ ፓርላማዋ የዲጂታሉ ሽፋን ከኤፍኤሙ እንዳያንስ አስቀድሞ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነበር፤ ዜጎቿም በባትሪ የሚሠራ ዲጂታል ራዲዮ ከሱቅ ይገዙ ነበር። ትናንሽ የአካባቢ ጣቢያዎች ደግሞ እዚያው ኤፍኤም ላይ ቀርተዋል። በእኛ ገበያ ግን ብዙኃኑ የሚያውቀው ዲጂታል ራዲዮ የቴሌቪዥን ጥገኛ ነው። የኖርዌይን ውጤት ያለ ኖርዌይ ዝግጅት መመኘት አድማጭን ሜዳ ላይ መተው ነው። ወጣቱ ከራዲዮ ርቋል የሚሉም አሉ፤ መብራት በጠፋበት ምሽት ግን ወጣቱም ሽማግሌውም የሚያዳምጡት ያቺኑ ባለ ድንጋይ ናት።

ዲጂታል ይምጣ፤ ይስፋፋም። አናሎጉን የሚተካው ግን አናሎጉ የሚደርስበት ሁሉ ሲደርስ ብቻ ይሁን። ጣቢያዎች «በመላ ሀገሪቱ እንደመጣለን» ከማለታቸው በፊት ባለሙያ ልከው አርቦዬን በመሰሉ ከተሞች፣ መብራት በሌለበትና ዝናብ በሚዘንብበት ሰዓት ይለኩ። ተቆጣጣሪውም ፈቃድ ሲሰጥ የሚጠይቀው ሽፋን ይኸው በመሬት ላይ የተለካው ይሁን። ስልክ የምትገዙም የኤፍኤም መቀበያ እንዳለው ጠይቃችሁ ግዙ፤ ባለ ድንጋዩን ራዲዮም አትጣሉት።