የነፃ ትምህርት ዕድል መቼ ይፈለጋል?

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ በየከተማው አንድ ዓይነት ሩጫ ይታያል። ተማሪው የትምህርት ማስረጃውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ዘመድ ቤት ይመላለሳል። አባት ያገኙትን ሰው ሁሉ፣ «ይህ ስኮላርሺፕ የሚሉት ነገር የሚገኘው ከወዴት ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። እናትም ውጭ አገር ለምትኖር የአክስት ልጅ ስልክ ያስደውላሉ። ድካሙ የሚነቀፍ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ጊዜው አልፎበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በአንድ ክረምት የተጀመረው ፍለጋ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ክረምት ያለ ውጤት ያበቃል።

ለዚህ መዘግየት አንዱ ምክንያት ስሙ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። «ዕድል» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል አመቺ አጋጣሚን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከሰው ፈቃድና ጥረት ውጭ የሆነውን የዕጣ ፈንታ ነገር ያመለክታል። ብዙ ወላጆች «የነፃ ትምህርት ዕድል» ሲባል የሚሰሙት ሁለተኛውን ነው። በእነርሱ ግምት የወጣለት ይሄዳል፣ ያልወጣለት ይቀራል። እንዲህ ብሎ የሚያስብ ሰው ይጠብቃል እንጂ አይዘጋጅም። የነፃ ትምህርት ግን ቅጽ አለው፤ የዕድሜ ገደብ አለው፤ የማመልከቻ መዝጊያ ቀን አለው፤ ያለፉትን ዓመታት ውጤት የሚመረምር ዳኛም አለው። እነዚህን ነገሮች በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ያወቀ ልጅና 12ኛን ሲጨርስ የሰማ ልጅ እኩል ተወዳዳሪዎች አይደሉም።

ስለ ነፃ ትምህርት በምሥራቅ አፍሪካ ሲነገር ደጋግሞ የሚጠቀሰው ኬንያ ነፃነቷን ከመቀዳጀቷ ጥቂት ቀደም ብሎ የተደረገው የተማሪዎች የአውሮፕላን ጉዞ ነው። የሠራተኛ ማኅበራት መሪ የነበሩት ቶም ምቦያ የአሜሪካን ኮሌጆችና በጎ አድራጊዎች አነጋግረው፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 1959 81 ተማሪዎች ወደ ኒው ዮርክ በረሩ። ጉዞው እስከ 1963 ድረስ ቀጥሎ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች በዚሁ መንገድ ሄደዋል። በ1960 ከተጓዙት መካከል አንዷ፣ ኋላ በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት የተቀበሉት ዋንጋሪ ማታይ ናቸው።

እኚህን ሴት በ20 ዓመታቸው በካንሳስ ግዛት ወደሚገኝ ኮሌጅ ያደረሳቸው ያ አውሮፕላን ብቻ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። ነገሩ የሚጀምረው በኒዬሪ አካባቢ ኢሂቴ ከምትባል መንደር ነው። ታላቅ ወንድማቸው እኅቱ እንደ ወንዶቹ ትምህርት ቤት የማትሄደው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እናቱን ጠየቀ። እናትም የሚከለክል ምክንያት እንደሌለ መለሱ። ዋንጋሪ በዚህ ጥያቄ የተነሣ በ8 ዓመታቸው ትምህርት ጀመሩ። በ11 ዓመታቸው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላለፉ። በ1956 ክፍላቸውን በአንደኛነት ፈጽመው በሊሙሩ ወደሚገኘው የሎሬቶ የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። ስለዚህ የአሜሪካው ዕድል በመጣ ጊዜ ሊመረጡ የሚያስችላቸው የትምህርት ታሪክ ከኋላቸው ነበረ። ያ ልጅ ጥያቄውን ሳይጠይቅ አምስትና ስድስት ዓመት ቢያልፍ ኖሮ አውሮፕላኑ ያለ ዋንጋሪ በተነሣ ነበር።

ከዚሁ ታሪክ ሌላም ትምህርት ይገኛል። ኮሌጆቹ የትምህርቱን ክፍያ ሲያነሡ የመሳፈሪያው ገንዘብ ግን አልተገኘም ነበር። ስለዚህም ዘፋኙ ሃሪ ቤላፎንቴ፣ ተዋናዩ ሲድኒ ፖይቲየርና የቤዝቦል ተጫዋቹ ጃኪ ሮቢንሰን ሕዝቡ ገንዘብ እንዲያዋጣ ለመኑ፤ በ1960ም የኬኔዲ ቤተሰብ ድርጅት 100 ሺህ ዶላር ሰጠ። ነፃ የተባለ ትምህርት ሁልጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነፃ አይደለም። የፓስፖርት፣ የፈተና፣ የሰነድ ማስተርጐሚያና የጉዞ ወጪ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ያልጠየቀ ቤተሰብ የተቀባይነት ደብዳቤውን ይዞ ሊቀር ይችላል። በኢትዮጵያም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2003 የወጪ መጋራት ደንብ ከወጣ ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከወጪው ድርሻውን ከተመረቀ በኋላ እንደሚከፍል ውል የሚገባ መሆኑን ብዙ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች አያውቁም።

ለታዳጊዎች ተብለው የሚዘጋጁት ውድድሮች ደግሞ ከነፃ ትምህርቱም ይልቅ ቶሎ የሚያመልጡ ናቸው። የዓለም የፖስታ ኅብረት በየዓመቱ የሚያዘጋጀው የደብዳቤ አጻጻፍ ውድድር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ውድድሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ ተሳታፊዎቹ ከ9 እስከ 15 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ልጆች ናቸው። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ርእስ ይሰጣል። የየአገሩ የፖስታ ድርጅት የልጆቹን ደብዳቤዎች አወዳድሮ የተሻለውን በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ወደሚገኘው ዋና ጽሕፈት ቤት ይልካል። ኢትዮጵያ የዚህ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ለመወዳደር የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እስክርቢቶና የታሰበበት ነገር ብቻ ነው፤ ላቦራቶሪም ሆነ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ነገር ግን የዕድሜው ገደብ 15 ነው። ተማሪው ስለ ውድድሩ በ9ኛ ክፍል ሲሰማ ብዙ ጊዜ በሩ ሊዘጋ ጥቂት ወራት ቀርተውታል ወይም ተዘግቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በገጠር የሚኖረው ልጅ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ በ10 ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ 8ኛ ክፍል የሚደርሰው በ17 ዓመቱ ነው። በዕድሜ የተወሰነ ውድድር ለእርሱ ሊነገረው የሚገባ 4ኛ ወይም 5ኛ ክፍል ሳለ ነው። ይህን ማንም አያስብለትም። የዕድሜ ገደብ የሚያወጡት ድርጅቶች የሚያስቡት በ6 ወይም በ7 ዓመቱ ትምህርት የሚጀምረውን የከተማ ልጅ ነው።

ሌሎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1959 በሩማንያ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ዕድሜያቸው ከ20 በታች ሆኖ ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ ተማሪዎችን ብቻ ይቀበላል። ከየአገሩ የሚሰለፉት ከ6 አይበልጡም። በ1962 በዌልስ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት የከፈተው የዩናይትድ ወርልድ ኮሌጆች ድርጅት በብዙ አገሮች ባሉት ኮሚቴዎች አማካይነት ወጣቶችን እየመረጠ፣ የአቅማቸውን ያህል የገንዘብ ድጋፍ እያደረገ ለሁለት ዓመት ያስተምራል። ከ2019 ጀምሮ በታንዛኒያም ትምህርት ቤት አለው። ይህም ቢሆን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ገና ላልፈጸመ ወጣት የተዘጋጀ እንጂ የ12ኛ ክፍል ውጤት በእጁ ይዞ ለሚሮጠው አይደለም። የአሜሪካ ኮሌጆችም ቢሆኑ ከአመልካቹ የሚጠይቁት የመጨረሻውን ፈተና ብቻ ሳይሆን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ውጤት ነው። በ9ኛ ክፍል «ይህ ዓመት አይቆጠርም» ብሎ የተዝናና ተማሪ ያ ዓመት ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ይጠይቀዋል።

ወሬው ለምን እንደማይዳረስ መመርመር ይገባል። የውድድር ማስታወቂያ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወደ ትምህርት ቤቱ ይላካል። ርእሰ መምህሩ ያነቡታል፤ ፈርመው ወደ መዝገብ ቤት ይመሩታል፤ ከዚያም ፋይል ውስጥ ይገባል። ክፋት ያለበት ሰው የለም፤ ሥራው በዝቷል። ይሁን እንጂ የዚያው ትምህርት ቤት መምህር ልጅ ማስታወቂያውን በቤቱ ይሰማል፤ ከገበያ ማዶ ካለው መንደር በእግሩ የሚመጣው ልጅ ግን አይሰማም። ስለዚህ ውድድሩ የሚካሄደው ችሎታ ባላቸው ልጆች መካከል ሳይሆን ወሬ በደረሳቸው ልጆች መካከል ይሆናል። ይህን ለማስተካከል ገንዘብ አያስፈልግም። ደብዳቤው በደረሰ ማግሥት በጠዋቱ ሰልፍ ላይ ቢነበብ፣ በሚኒ ሚዲያው ቢደገም፣ ከዚያም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እስከ መዝጊያው ቀን ቢቆይ ይበቃል። ኢንተርኔት በእጃቸው ያለ መምህራንም በወር አንድ ጊዜ የሚያገኙትን በአንድ ደብተር ቢመዘግቡ ደብተሩ በሦስት ዓመት ውስጥ ለትምህርት ቤቱ ከብዙ መጻሕፍት የበለጠ ይጠቅማል፤ አብዛኞቹ ውድድሮች በየዓመቱ የሚመላለሱ ናቸውና።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ትንሽ ቢመስልም ብዙዎችን ጥሏል። እርሱም የስምና የልደት ቀን ጉዳይ ነው። አንድ ልጅ ጥር 2003 ዓ.ም ተወልዶ ቢሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደበት ዓመት 2011 ነው፤ በኅዳር 2003 የተወለደው ግን 2010 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 8 ይደመራል። ይህን ያላስተዋለ ቅጽ ሞይ የጥሩን ልጅ በአንድ ዓመት ያስረጀዋል፤ የ15 ዓመቱም ልጅ በወረቀት ላይ 16 ሆኖ ከውድድሩ ይወጣል። ስምም እንዲሁ ነው። በትምህርት ቤት መዝገብ አንድ ዓይነት፣ በልደት ምስክር ወረቀት ሌላ ዓይነት በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም የሁለት ሰው ስም ይመስላል። ይህን ማረም ወራት ይፈጃል። በ7ኛ ክፍል የተጀመረ እርማት ማንንም አያስጨንቅም፤ በመዝጊያው ሳምንት የተጀመረ ግን ሰውን ያስለቅሳል።

ስለ አታላዮችም በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። «ስኮላርሺፑ ወጥቶልሃል፤ ለማስፈጸሚያ ይህን ያህል ብር ላክ» የሚል ሰው መጠርጠር አለበት። ተማሪው ያልተወዳደረበትን ውድድር ሊያሸንፍ አይችልም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁሉም መናቅ የለባቸውም። አንዳንዶች ልጆችን በውድድር ማጨናነቅ ፍቅረ ትምህርትን ያጠፋል ይላሉ። እውነት ነው፤ በተለይ አባት ድርሰቱን ጽፎ ልጁ የሚገለብጥበት ቤት ልጁ የሚማረው ማታለልን ነው። መሸነፍም ያማል። ሆኖም በ13 ዓመት አንድ ደብዳቤ ጽፎ አለመመረጥና በ19 ዓመት በአንድ ፈተና ሕይወት ሁሉ የተዘጋ መስሎ መታየት አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2022 በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሌላ በር መኖሩን አስቀድሞ ያልሰማ ወጣት እንዲህ ያለውን ውጤት ሲሰማ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

ሌሎች ደግሞ የነፃ ትምህርት ፍለጋ ልጆችን ከአገር ማስኮብለል ነው ይላሉ። የሄዱት ሁሉ ግን አልቀሩም፤ መንገዱም ሁልጊዜ ወደ ውጭ ብቻ የሚወስድ አልነበረም። የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሮበርት ኡኮ የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን በ1962 የፈጸሙት በአዲስ አበባ ነው። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ገና በ15 ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ነበር። ተሰጥኦአቸው ሌላ መሆኑ በዚያ ታውቆ ወደ ሥዕል ትምህርት ቤት ተዛወሩ፤ ተመልሰውም በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽን ባለ ቀለም የመስታወት ሥዕሎች ሠሩ። ያን ሁሉ ብርሃን የሚያሳልፈው መስኮት የተጀመረው ማዕድን ይቈፍራል ተብሎ በተላከ ልጅ ነው።

በእርግጥ ብዙዎች አይመረጡም። የማመልከቻውን ደብዳቤ አሳምሮ መጻፍ የቻለ፣ የልደት ቀኑን ያስተካከለ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ውጤቱ በአንድ ፋይል የተቀመጠለት ተማሪ ግን ባይመረጥም በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ አይጀምርም። የመጪው ዓመት ማስታወቂያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲደርስ እርሱ የሚፈልገው የመዝጊያውን ቀን ብቻ ነው።