የቆጡ ስኮላርሺፕ፣ የብብቱ ደብተር

የናኦሚ ግርማ ታሪክ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚነገረው በግማሹ ነው። የሚነገረው ግማሽ ይህ ነው፦ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ የተወለደች ልጅ ኳስ ተጫወተች፣ በኳሷ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ከአሜሪካ ቡድን ጋር ወርቅ ወሰደች፣ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ቼልሲ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ አስፈረማት። በሴቶች ኳስ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣባት የመጀመሪያዋ ተጫዋች እሷ ናት።

ከዚህ ግማሽ ታሪክ ትልቅ ድምዳሜ ይመዘዛል። «ለሴት ልጆች የተመረጠ ሊግ፣ የተመረጠ አካዳሚ ይቋቋም፤ ከደባርቅም ከዳባትም ጎበዝ ጎበዞቹ ይሰብሰቡ፤ ኳሱ ኮሌጅ ያስገባቸዋል፤ ከቀናቸውም አሜሪካ» ይባላል። ሐሳቡ ከክፋት የመጣ አይደለም። ከውጭ ማልያና ታኬታ የሚልከው ወገንም፣ በጠጠር ሜዳ ላይ ያለ ደመወዝ ታዳጊ የሚያሠለጥነው ወጣትም ከልቡ ያምንበታል። እምነቱ ግን ልክ አይደለም። ኳስ ለሴት ልጅ ብዙ ነገር ይሰጣል፤ በኢትዮጵያ ግን የዩኒቨርሲቲ ወንበር አይሰጥም። ይሰጣል ብሎ የ14 ዓመት ልጅን ከክፍሏ የሚያስወጣ ሁሉ የቆጡን አወርድ ስትል የብብቷን እንድትጥል እያደረጋት ነው።

ያልተነገረው ግማሽ

ናኦሚ ኳስ የጀመረችው በተመረጠ ሊግ አይደለም። አባቷና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጆቻቸውን ለማሰባሰብ ባቋቋሙት «ማለዳ» በተባለ የማኅበረሰብ ቡድን ውስጥ ነው። ትልልቆቹ ክለቦች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስታንፎርድም ኳስ ብቻ አይቶ የሚቀበል ትምህርት ቤት አይደለም። ልጅቷ ኮምፒውተርን፣ ፍልስፍናንና ሥነ ልቦናን አጣምሮ በሚያስተምር ክፍል ተመርቃ በማኔጅመንትና ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪዋን ቀጥላለች። ኳሷ በሩን አንኳኳላት እንጂ ውጤት ባይኖራት በሩ አይከፈትም ነበር።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። የአሜሪካን የሴቶች ስኮላርሺፕ የፈጠረው ሊግ አይደለም፤ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው «ታይትል ናይን» የሚባለው ድንጋጌ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚወስድ የትምህርት ተቋም በጾታ እንዳያዳላ ከለከለ። ኮሌጆቹ ለወንዶች ቡድን ያወጡ እንደነበረው ሁሉ ለሴቶችም ቡድን ማቋቋምና ስኮላርሺፕ መመደብ ግድ ሆነባቸው። ዛሬ ስሙ የገነነው የልጃገረዶች የክለቦች ሊግ፣ ኢሲኤንኤል፣ የተመሠረተው በ2009 ነው። ሕጉ ከወጣ ከ37 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በሩ ቀድሞ ተሠራ፤ ወደ በሩ የሚወስደው ጎዳና ኋላ መጣ። እዚህ የሚታሰበው በር በሌለበት ግድግዳ ላይ ጎዳና መቀየስ ነው።

በሩ ባለበት አገር እንኳ ነገሩ ጠባብ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ራሱ በሚያወጣው ግምት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኳስ ከሚጫወቱ ልጃገረዶች ለኮሌጅ ቡድን የሚበቁት ከመቶ 7 ገደማ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ የሚጫወቱት በሦስተኛው ዲቪዚዮን ነው፤ እዚያ ደግሞ በስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። በአንደኛው ዲቪዚዮን ለረጅም ዓመታት በሠራው ደንብ አንድ የሴቶች ቡድን የነበረው 14 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር፤ እሱም ለሃያና ለሠላሳ ተጫዋች እየተሸነሸነ ይታደል ነበር። ወላጆች ግን ለክለብ መዋጮ፣ ለጉዞና ለሆቴል በየዓመቱ ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣሉ። ያንኑ ገንዘብ ለትምህርት ቢያስቀምጡት ይሻል ነበር የሚል ክርክር በአሜሪካ ራሱ አላባራም።

እዚህ የጎደለው ክፍያ አይደለም

በኢትዮጵያ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለውን ቁጥር ሁሉም ያውቀዋል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 ደረሰ። በዚህ ወንፊት ውስጥ ጎል አይደመርም፣ ዋንጫ አይደመርም። ስፖርት ሳይንስ ልማር የምትል ልጅም የምታልፈው በዚያው ፈተና ነው።

ካለፈች ደግሞ ለመግባት የሚያግዳት ክፍያ የለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ምግቧም መኝታዋም ተሸፍኖ ትማራለች፤ ዕዳውን ሥራ ስትይዝ ትከፍላለች። እንግዲህ ስኮላርሺፕ የሚባለው ነገር የሚፈታው የትኛውን ችግር ነው? በአሜሪካ የልጅቱ ችግር ገብታ የምትከፍለው ገንዘብ ነው። በጎንደር የልጅቱ ችግር የማለፊያ ነጥብ ነው። ቃሉ ከሌላ አገር ሕመም የተዋሰ መድኃኒት ነው።

የማለፊያ ነጥብ የሚገኘው ደግሞ በትምህርት ሰዓት ነው። ይህን ሰዓት የሰሜን ጎንደር ልጅ ስንት ጊዜ ተነጥቃለች? በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤት ዘጋ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደባርቅ ደጃፍ ድረስ መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጪ ሆነዋል። የጃናሞራና የበየዳ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከተማ ወርዳ ክፍል ትከራያለች፣ ከቤት በመጣላት ስንቅ ሳምንቱን ትገፋለች። እንዲህ ያለች ልጅ ለካምፕ፣ ለውድድርና ለጉዞ የምትሰጠው ትርፍ የትምህርት ቀን የላትም።

ውሉ የሚዘጋው በር

«የአገር ውስጡ ቢቀር አሜሪካ አለ» የሚል መልስ ይመጣል። የአሜሪካ ኮሌጅ ግን ተጫዋች ሲቀበል መጀመሪያ የሚጠይቀው የትምህርት ማስረጃዋን ነው። ኤንሲኤኤ በአንደኛው ዲቪዚዮን ለምትጫወት ልጅ በሁለተኛ ደረጃ የተወሰዱ 16 መሠረታዊ ትምህርቶችን ቆጥሮ ያረጋግጣል። እንግሊዝኛዋም ንግግር መከተል የሚያስችል መሆን አለበት። ከ9ኛ ክፍል ወጥታ ካምፕ የገባች ልጅ በእግሯ የፈለገችውን ብታደርግ ይህን አታሟላም።

ሌላም ወጥመድ አለ። ሲሠራበት በኖረው የአማተርነት ደንብ፣ ከወጪዋ በላይ ደመወዝ እየተከፈላት በክለብ የተጫወተች ልጅ ለኮሌጅ የመጫወት መብቷ ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ዓመታትን በክለብ ያሳለፈችም የመጫወቻ ዘመኗ ይቀነስባታል። ደንቡ በቅርብ ዓመታት እየላላ ቢሆንም ነገሩ ግልጽ ነው፦ «ኮሌጅ ያስገባሻል» ተብላ የፈረመችው የክለብ ውል ራሱ የኮሌጁን በር የሚያጠብ ሊሆን ይችላል። ለወላጅ ይህን የሚነግር ሰው ማን ነው?

ሎዛ አበራን የሚጠቅሱም አሉ። ሎዛ ከዱራሜ ተነሥታ፣ በደደቢት ጎል አዳኝነቷን አስመስክራ፣ በማልታ ለቢርኪርካራ ተጫውታ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ አሜሪካው ዲሲ ፓወር ሄደች። ድንቅ ጉዞ ነው። ግን የሄደችው በሙያ ውል ነው፤ ለሥራ ነው እንጂ በኮሌጅ ስኮላርሺፕ አይደለም። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች ቡድን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፎ ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ደርሷል። ይህም ኳስ ለሴት ልጅ ክቡር ሥራ መሆን መጀመሩን ያሳያል። ሥራ ከሆነ ሥራ ተብሎ ይጠራ። ትምህርት ነው ተብሎ አይሸጥ።

«ያው በፈተናውም አታልፍም»

ከተቃራኒው ወገን ጠንካራው ክርክር ይህ ነው፦ ጥቂቶች ብቻ በሚያልፉበት ፈተና የገጠር ልጅ ዕድሏ የመነመነ ነው፤ ኳስ ቢያንስ ደመወዝ ያመጣል፤ ቤተሰብ ይረዳል፤ ታዲያ ለምን ይከለከላል?

ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ለድሃ ቤት የወር ደመወዝ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ይህን የሚል ሰው ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛ፣ ክለብ ይፈርሳል፣ ጉልበት ይጎዳል። ሎዛ የደመቀችበት የደደቢት ሴቶች ቡድን ዛሬ በሊጉ የለም። ናኦሚ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2020 የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ከሜዳ ርቃለች። ልዩነቱ እሷ ስትጎዳ የተመለሰችው ወደ ክፍሏ መሆኑ ነው። ከ9ኛ ክፍል ያቋረጠች የዳባት ልጅ ጉልበቷ ሲጎዳ ወዴት ትመለሳለች? ሁለተኛ፣ ሊጉ ሊይዝ የሚችለው ተጫዋች ቢበዛ በመቶዎች ይቆጠራል። በሁለት ጠባብ በሮች መካከል ልጅን ወደ ጠበበው መግፋት ዕድል መስጠት አይደለም።

ኳስ ለሰሜን ጎንደር ልጅ የሚሰጠው እውነተኛ ጥቅም ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው የአማራ ክልል ሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ 16 ዓመት አካባቢ ነበር፤ ሕጉ ግን 18 ይላል። ትምህርት ቤት ውስጥ ቡድን ያላት፣ ቅዳሜ ጨዋታ የሚጠብቃት፣ መምህሯና ጓደኞቿ «ዛሬ የት ቀረች?» ብለው የሚጠይቁላት ልጅ በቀላሉ ተድራ አትጠፋም። ይህን ጥቅም የሚሰጠው ግን በትምህርት ቤት ግቢ ያለ ኳስ ነው። ከትምህርት ቤት የሚያወጣ ኳስ ይህንኑ ጥቅም ገልብጦ ይወስደዋል።

ኬንያ ምን አደረገች?

ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። የኬንያ ሯጮች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ኮሌጆች ሞልተዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የቦስተን ማራቶንን ያሸነፈው የመጀመሪያው አፍሪካዊ ኢብራሂም ሁሴን የተማረው በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት የት ነበር? በኢተን በሚገኘው ቅዱስ ፓትሪክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ያ ቦታ ትምህርት ቤት ነው፤ ካምፕ አይደለም። ሩጫውና ደብተሩ በአንድ ግቢ ነበሩ፤ የአሜሪካ አሠልጣኝ ሲጠይቅ ፈጣን እግርም የትምህርት ማስረጃም አብሮ ተገኘ። ኢትዮጵያ ሯጭ አጥታ አታውቅም፤ ሯጮቿ ያደጉት ግን በአመዛኙ በክለብ ነው። በኮሌጁ መንገድ ጎረቤት የቀደመችው በእግር ፍጥነት አልነበረም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የታዳጊ ፕሮጀክትም ሆነ ክለብ ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ ሲመዘግብ የትምህርት ቤት መገኘት ማስረጃ ግዴታ ይሁን። ልምምድ ከክፍል በኋላ፣ ውድድር በዕረፍት ጊዜ። ልጅቱን ከፈተና ወር ሜዳ የሚያውላት ፕሮጀክት ፈቃዱ ይነሣ።

ሁለተኛ፣ ጥቂት ከመምረጥ በፊት ብዙ ማጫወት ይቅደም። ለአንድ የተመረጠ አካዳሚ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጎንደር፣ ለዳባትና ለደባርቅ ትምህርት ቤቶች የልጃገረዶች ውድድር ኳስ፣ ማልያና ዳኛ ይችላል፤ ከዚያ የተረፈው ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ይዋል። በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ላነሣው ለፋሲል ከነማ ነፍሱን የሚሰጥ ከተማ ለሴት ልጆቹ የትምህርት ቤት ውድድር ደጋፊ አያጣም።

ሦስተኛ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በር ይሥራ። ልምዱ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በመሆን ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች የስኮላርሺፕ መርሐ ግብር ሲያካሂድ ቆይቷል። ፈተናውን ላለፉና ኳስ ለሚጫወቱ ለጥቂት ልጃገረዶች የኪስ ገንዘብ፣ የማጠናከሪያ ትምህርትና የዩኒቨርሲቲ ቡድን ማዘጋጀት ከዚያ አይከብድም። የፈተናውን ነጥብ ዝቅ ማድረግ አያስፈልግም። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ «ካለፍሽና ከተጫወትሽ ይህ ይጠብቅሻል» ስትባል ደብተሩንም ኳሱንም የምትይዝበት ምክንያት ታገኛለች።

እስከዚያው ድረስ ልጁን ለአካዳሚ ስጥ የሚባል ወላጅ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። ልጄ ስንተኛ ክፍል ናት፣ እናንተ ጋ ሆና በስንት ሰዓት ትማራለች? ከዚህ ቀደም ከእናንተ ዘንድ ስንት ልጅ 12ኛ ክፍል ፈተና ተቀመጠች፣ ስንቷ አለፈች? ብትጎዳ ወይም ክለቡ ቢፈርስ ወደ የትኛው ክፍል ትመለሳለች? መልስ ያለው ልጅቱን ይውሰድ። መልሱ የናኦሚ ፎቶ ብቻ ከሆነ ልጅቱ ትምህርት ቤቷ ትሂድ፤ ኳሱንም እዚያው ትጫወት።